መብራት የሚሻው መበየጃ

የመሪጌታ አዛናው ልጅ ደብረወርቅ የተበላሸ ሬዲዮ ካየች እጇ አያርፍም። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተሰጠው የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ማኅበር ሬዲዮ ድምፁ በጠፋ ጊዜ ከፍታ፣ የተላቀቀችውን ሽቦ አይታ፣ በፍም በጋለ ምስማር በይዳ አናገረችው። ጓድ ሊቀመንበር መባል የሚወዱት አቶ አድማሴ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። አባቷ ግን «ይህን ሁሉ ትጋት ለዳዊት ብታደርጊው ኖሮ በቃልሽ ይዘሽው ነበር» አሏት።

ከአያልነህ ጋር ያገናኛት ያው ምስማር ነው። አያልነህ ወረታ ውስጥ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠለው መንገድ ዳር፣ ሬዲዮ የሚጠግንባት አንዲት ክፍል አለችው። የብየዳ እርሳስ ልትገዛ ገብታ ምስማሩን ብታሳየው አልሳቀባትም። አገላብጦ አየው።

«በዚህ ነው የበየድሽው?»

«በዚሁ ነው።»

«እጅሽ እንኳ የባለሙያ ነው። ምስማር ግን ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይበርዳል። ሙቀቱን ይዞ የሚቆይ መዳብ ነው የሚሻልሽ፤ ለሬዲዮ ደግሞ ጫፉ ቀጠን ያለ።»

ከዚያ ወዲህ ገበያ በመጣ ቁጥር ሰበብ አላጣችም። አንድ ቀን አሮጌ የፍም መበየጃ አዋሳት። በሳምንቱ በአመድና በአሸዋ እንደ ድስት ፈትጋ፣ እያብለጨለጨ መለሰችለት። አያልነህ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ምነው? አጸዳሁልህ እኮ!»

«ልብሱን ገፈሽ ነው ያመጣሽው! በሥራ መሃል በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው እንጂ መፈተግ የለም። ስታስቀምጭው ደግሞ ጫፉን እርሳስ አልብሽው። ራቁቱን ካደረ ይጠቁራል፤ ከጠቆረ እርሳስ አይዝም።»

አብረው አለበሱት። እጃቸው ተነካካ፤ ሁለቱም እንዳላወቁ ሆኑ። ያን ቀን የቁሐር መንገድ አጠረባት። እንደወደደችው አወቀች።

እሱ ግን ወር መጥቶ ወር ቢሄድ ከእርሳስና ከሽቦ ሌላ ወሬ የለውም። ዐቢይ ጾም ሲገባ አባቷ የሐሙሲት ቄስ ልጅ እንደጠየቃት፣ ሽማግሌዎቹም ከፋሲካ በኋላ ቁርጡን ሊሰሙ እንደሚመጡ ነገሯት። ሄዳ ለአያልነህ ነገረችው። ትክ ብሎ አያትና አቀረቀረ።

«እንግዲያስ የራሴን መበየጃ ልያዝ፤ ባሕር ዳር ስትሄድ ግዛልኝ» አለችው እንባዋን ውጣ። «በፍም የሚግል ይሁን።»

በሚቀጥለው ገበያ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃ ሰጣት። ብትፈታው ቀጭን፣ አዲስ መበየጃ ነው። ከጭራው ግን ረጅም ገመድና ሶኬት ተንጠልጥሏል።

«ይህማ መብራት ይሻል።»

«አዎ።»

«እኛ ቤት ያለው ኩራዝ ነው። ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አለ። ጆሮው ቀልቷል።

ይህን ያህል ጊዜ ሳወራው አልሰማኝም ማለት ነው፣ አለች በልቧ። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ትታለት ወጣች። እስከ ከተማው መጨረሻ በንዴት ሄደች። ሜዳው ዳር ስትደርስ ግን እግሯ ዘገየ። አያልነህ እኮ ዕቃ ተሳስቶ አይገዛም! ለአንዲት ፍሬ ብሎን ሦስት ጊዜ ባሕር ዳር የተመላለሰ ሰው ነው። ታዲያ ቁሐር የማይሠራ መበየጃ ለምን ይገዛላታል?

ተመለሰች። ዕቃውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይህ የሚሠራው የት ነው?»

«እዚህ ነዋ» አለ አያልነህ። «እኔ ቤት። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ፈቃድሽን ልወቅ ብዬ ነው።»

«አፍ የለህም እንዴ አንተ?»

«ሬዲዮ እንጂ ሰው ማናገር መች አውቅበት።»

ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። «በል፣ ሽማግሌዎችህ ከሐሙሲቶቹ ይቅደሙ» አለችው።

ከሆሳዕና በፊት ባለው እሁድ አቶ አድማሴን ያስቀደሙ ሦስት ሽማግሌዎች መሪጌታ ደጅ ቆሙ። የመሪጌታ ፊት ግን አልተፈታም።

«ለሐሙሲቶቹ ቃል ባልሰጥም ተስፋ ሰጥቻለሁ። የካህን ልጅ ትቼ ለሽቦ ቀጣይ ልዳራት?»

«እስቲ እሷም ትናገር፣ መሪጌታ» አሉ አቶ አድማሴ።

ደብረወርቅ ተጠራች። አባቷ ፊት መናገር አልለመደችም። ከነጠላዋ ሥር መበየጃውን አውጥታ ፊታቸው አኖረችው። ጫፉ እርሳስ ለብሷል።

«ምንድን ነው ይህ?»

«መበየጃ ነው፣ አባ። እዚህ አይሠራም። የሚሠራው ወረታ፣ አያልነህ ቤት ነው። እኔም... እንደሱው ነኝ።»

መሪጌታ ገመዱን አንስተው እስከ ሶኬቱ በጣታቸው ተከተሉት። ሶኬቱን እንደያዙ ግድግዳውን አዩ፤ ኩራዝ ብቻ ነው የተሰቀለው። ገመዱን ጠቅልለው መበየጃውን መለሱላት።

«የማይሠራበት ቤት አስቀምጬ ላበላሸው እንዴ? ለሐሙሲቶቹ እኔው እነግራቸዋለሁ። ለልጁም ንገሩት፤ የማኅበሩ ሬዲዮ በተበላሸ ቁጥር ልጄን ይዞልኝ ይምጣ።»

ሠርጉ በዳግማይ ትንሣኤ ሆነ። ደህና ይሠራ የነበረው ያ ሬዲዮ ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሽቦው እየተላቀቀ ያስቸግር ጀመር። አቶ አድማሴ መሪጌታን ይጠረጥራሉ።