አንባቢው አያት

አባባ አለነን ሞተው ያገኘቻቸው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ዳፍና ናት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ነበር። በልጆች ክፍል ውስጥ፣ በየዓመቱ በሚቀመጡበት ሰማያዊ ወንበር ላይ፣ መነጽራቸውን እንዳደረጉ፣ አዲሱን መጽሐፍ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከራሳቸው በላይ የተሰቀለው ፖስተር የራሳቸውን ፎቶግራፍ ይዞ በዕብራይስጥና በአማርኛ «አንባቢው አያት» ይላል። ዳፍና የተኙ መስሏት ትከሻቸውን ነካች። ራሳቸው ወደ ጎን ወደቀ።

በደቡብ እስራኤል፣ በቤርሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈር ያለው ይህ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ በሰኔ ሙቀት የልጆችን ንባብ በሁለት ቋንቋ ያከብራል። ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ተረት ይነበባል፣ እያንዳንዱ ልጅ መጽሐፍ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መጽሐፉ ከቀኝ ሲከፈት ዕብራይስጥ፣ ከግራ ሲከፈት አማርኛ ነው። የአማርኛውን ወገን ሁልጊዜ የሚያነቡት አባባ አለነ ነበሩ።

ኢንስፔክተር ባት-ኤል ስትደርስ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ልብ ነው ልልሽ ነበር» አላት። «ግን ዓይናቸውን እዪ።»

የዓይናቸው ነጭ በቀይ ነጠብጣብ ተሞልቷል። ከንፈራቸው ላይ ቢጫ ክር ተጣብቋል። ልጆች የሚቀመጡባቸው ቢጫ ትራሶች ወለሉ ላይ በግማሽ ክብ ተደርድረዋል፤ አንዱ ብቻ ተገልብጧል። ባት-ኤል አነሳችው። ከሥሩ ገና ያልደረቀ የአፍ ቅርጽ ነበረበት።

«በልጆቹ ትራስ አፍነዋቸዋል» አለች።

«ጥፍራቸው ሥርም ቆዳ አለ። ታግለዋል። የማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ቀናት ይፈጃል።»

ባት-ኤል ጭናቸው ላይ ወዳለው መጽሐፍ ጎንበስ አለች። በአማርኛው በኩል ነበር የተከፈተው፤ በሥዕሉ ላይ አንዲት ጦጣ ከሰባት ጉድጓዶች አንደኛው አፍ ላይ ተቀምጣለች። ባት-ኤል የተወለደችው እዚሁ ነው። እናቷ በአማርኛ ሲያናግሯት በዕብራይስጥ ትመልሳለች። ሆኖም ዩኒቨርሲቲ ሳለች ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳትናገር ፊደል ቆጥራለች። አሁን ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ሁለት መስመር ለማንበብ ሁለት ደቂቃ ፈጀባት። የተሳሳተች መስሏት እንደገና ከላይ ጀመረች። ከዚያም መጽሐፉን አንስታ ቀና አለች።

ከወንበሩ ሥር የሟቹ ፌስታል ነበር። በውስጡ የአምናው መጽሐፍ አለ። በእያንዳንዱ ገጽ ጥግ የልጆች ተለጣፊ ሥዕል ተለጥፎበታል፦ አንበሳ፣ ኮከብ፣ ዓሣ። ከመጽሐፉ ጋር ገና ያልተነካ አንድ ሙሉ የተለጣፊ ወረቀት ተቀምጧል።

የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ያለው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ዳፍናና የመጽሐፉ ተርጓሚ ቢልልኝ። አባባ አለነን በመኪና ያመጣቸው ልጃቸው ንጉሴ ነው። ባት-ኤል በቢልልኝ ጀመረች።

ቢልልኝ የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ በአምስት ዓመቱ ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን መጥቶ እዚሁ አድጓል። በሚቀጥለው ወር በደቡብ ላሉ ልጆች ሁሉ የሁለት ቋንቋ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ እንደሚሾም ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። በዚያ ሙቀት የነጭ ሸሚዙን እጅጌ እስከ አንጓው ቆልፎታል።

«ወይኔ አባባ!» አለ ራሱን ይዞ። «እንደ አባቴ ነበሩ እኮ።»

«ዛሬ ስንት ሰዓት መጡ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ። ፖሊስ ደጁ ላይ ቆሞ ነው ያገኘሁት።»

«ከሳቸው ጋር መጨረሻ የተገናኛችሁት መቼ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት፣ ልምምድ ላይ። ከዚያ ወዲህ በስልክም አላገኘኋቸውም።»

«ጥሩ አንባቢ ነበሩ?»

«ጥሩ ብቻ! አስተዋይ ሰው። አዲሱንም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ ብለውኛል።» እንባውን ጠረገና ፈገግ አለ። «አንቺስ አማርኛ ታነቢያለሽ እህቴ?»

«እኔ?» አለች በዕብራይስጥ። «እዚህ ነው የተወለድኩት።»

«አይዞሽ፣ ሁላችሁም እንዲሁ ናችሁ። ለዚህ አይደል እኔ ያለሁት።»

ንጉሴ ከኤመቅ ሳራ የፋብሪካ ሰፈር፣ ከሚሠራበት መጋዘን፣ የሥራ ሰደርያውን ሳያወልቅ መጣ። ልጁ ኩኩ የወታደር ልብሷን እንደለበሰች ከጎኑ ተቀመጠች።

«ጋሼ ንጉሴ፣ ማታ ከአባትዎ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ጎረቤት ነገረሽ? ጎረቤት ባይኖር ፖሊስ ምን ይበላ ነበር!» አለ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «አዎ፣ ጮኬባቸዋለሁ። የዘንድሮው ይቅርብዎ አልኳቸው። አሻፈረኝ አሉ።»

«ለምን ይቅር አሉ?»

ንጉሴ መሬት መሬት አየ። ባት-ኤል የአምናውን መጽሐፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ኩኩ ተለጣፊዎቹን ስታይ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«እኔ ነኝ የለጠፍኩት» አለች በዕብራይስጥ፤ አያቷን «ሳባ» ነው የምትላቸው። «ሳባ ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል። አንበሳው ላይ ይህን ያህል ተናግሮ ይገልጣል፣ ኮከቡ ላይ ደግሞ...»

«ኩኩ! ዝም በይ!» አላት አባቷ።

«ለአዲሱም ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ልለጥፍለት ነበር የመጣሁት» አለች ልጅቷ ሳታቆም።

«ማንበብ አይችሉም ነበር ማለት ነው» አለች ባት-ኤል።

ንጉሴ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠ።

«ስሚኝ እህቴ። አባቴ ሠላሳ ዓመት የሰው ደረጃ ሲጠርጉ ኖሩ፤ ማንም ስማቸውን ጠርቶ አያውቅም። በስተርጅናቸው አንባቢው አያት ተባሉ። ያላቸው እሱ ብቻ ነው። እኔ የፈራሁት አንድ ቀን መድረክ ላይ ይጋለጣሉ ብዬ ነበር። ገዳዩ ከፈለገ ይጥፋ፤ ይህን ግን ሰው ፊት አታውጪብኝ።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ዳፍና። የፎቶ ፈቃዱ ላይ በጣታቸው ነው የፈረሙት። ፈረንጅ ቢያውቅ ምንም አይመስላቸውም። የሀገር ሰው፣ ይልቁንም የተማረ የሀገር ሰው ፊት ግን፣ ሞታቸው ነው።»

«ቃል አልገባልዎትም» አለችው ባት-ኤል።

በመስኮቱ በኩል ቤተሰቦች በጠራራው ፀሐይ ተሰልፈው ይታያሉ። አባባ አለነ መሞታቸው ብቻ ነው የተነገራቸው። ከፊት የቆሙት የወላጆች ኮሚቴ አባልዋ እማማ እማዋይሽ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ከበሩ አልነቃነቅም ብለዋል።

ዳፍና ፊኛዎቹን እንደያዘች ገባች። ተዋናይ ከቴል አቪቭ አስመጥታ አባባ አለነን ልትተካቸው አስባ እንደነበር ራሷ ተናገረች።

«እንቢ አሉ፤ ተውኩት። ልጆቹ ይወዷቸዋል» አለች።

«ዛሬ ጠዋት ምን ሆነ?»

«አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ከፈትኩ። ንጉሴ አባቱን አድርሶ ወደ ሥራው ሄደ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጽሐፎቹ ከማተሚያ ቤት መጡ። ሁለት ሳምንት አዘግይተውብን፣ በመጨረሻው ጠዋት! ካርቶኑን ቀድጄ የመጀመሪያውን ለአባባ ሰጠኋቸውና ኬክና ፊኛ ላመጣ ሄድኩ። የኬክ ቤቱ ሰውዬ እስኪሰለቸው አብሬው ተቀምጫለሁ፤ ጠይቂው።»

«ከዚያ በፊት መጽሐፉ ታትሞ ያየው ሰው አለ?»

«እኔ እንኳ አላየሁትም። ፋይሉ ከቢልልኝ በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤት ነው የሄደው።»

ባት-ኤል ሁለት ስልክ ደወለች፤ አንዱን ወደ ኬክ ቤቱ፣ አንዱን ወደ መጋዘኑ። ዳፍናም ንጉሴም ያን ጊዜ እዚያው እንደነበሩ ተረጋገጠላት። ከዚያ ሁሉም ወደ ልጆች ክፍል ይግቡ አለች። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ሰማያዊው ወንበር ባዶውን ነው። ዳፍና፣ ቢልልኝ፣ ንጉሴና ኩኩ በልጆች ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። እማማ እማዋይሽ ፖሊሱን ገፍተው ገቡ።

«እኔም ኮሚቴ ነኝ» አሉ። ማንም አላስወጣቸውም።

ባት-ኤል መጽሐፉን ለቢልልኝ ሰጠችው። «ይህችን ገጽ ያንብቡልን።»

ቢልልኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጦጢት ሰባተኛው ጉድጓድ ዘንድ ስትደርስ ውሃው ጠራትና እንዲህ አላት...»

«ይበቃል።» መጽሐፉን ወሰደችበት። አሁን በአማርኛ ነበር የምትናገረው። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሳለፈች፣ እየተንተባተበች አነበበች። «የ-ደም ግፊት ያለበት ሰው ጨው ይቀንስ። መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ ይዋጥ። ራስ ምታት ከበረታበት ወደ ክሊኒክ ይሂድ።»

ቢልልኝ ከአንገቱ ጀምሮ ላብ አጠመቀው።

«መቶ ሃያ መጽሐፍ» አለች። «የጦጣ ሥዕል፣ ከሥሩ የክሊኒክ ወረቀት። የአምናው አማርኛ ጥሩ ነው፤ አየሁት። የዘንድሮውን ግን የጻፈው ሰው አማርኛ መጻፍ አይችልም። ያገኘውን ገልብጦ ሞላ። ልጆቹ አያነቡትም፣ ወላጆቹ አያነቡትም ብሎ ነው።»

«የማተሚያ ቤት ስህተት ነው!» አለ ቢልልኝ። «ቢሆንስ? በዚህ ሰው ይገደላል?»

«ሰው ሊያነብበው እንደሆነ ያመነ ይገድላል። ከሰፈሩ ሁሉ አማርኛ ያነባሉ የሚባሉት አንድ ሰው ነበሩ። እርስዎም፣ አባባ አዲሱን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ ብለውኛል አሉኝ።»

«ብለውኛል!»

«መቼ? መጽሐፉ ዛሬ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው የመጣው። እርስዎ ከባለፈው ሳምንት ወዲህ አላገኘኋቸውም፣ በስልክም አላወራንም አሉ። ይህን ቃል ሊሰሙ የሚችሉት ዛሬ ጠዋት፣ እዚህ ክፍል፣ ዳፍና ከወጣች በኋላ ብቻ ነው።»

ባት-ኤል ወደ ንጉሴ አላየችም።

«አንድ ነገር ይቀራል። አባባ ይህን ለማን ሊሉ ይችላሉ? ለልጃቸው አይሉም። ለኩኩ አይሉም። ለዳፍናም አይሉም። ሦስቱም እውነቱን ያውቃሉ። ይህን ውሸት የሚዋሹት ለሚያፍሩት ሰው ነው።» ትንፋሿን ሳበች። «አባባ አለነ ማንበብ አይችሉም ነበር።»

ንጉሴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ውሸት ነው» አለ ቢልልኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። «መነጽር ያደርጋሉ እኮ።»

«ለአውቶቡስ ቁጥር» አለች ኩኩ። «ሩቅ ማየት ስለማይችል።»

«እጅጌዎን ይሰብስቡ» አለች ባት-ኤል። አልሰበሰበም። ከኋላው የቆመው ፖሊስ ቁልፉን ፈታለት። ከአንጓው በላይ አራት ቀይ ጭረቶች ነበሩ።

ቢልልኝ ጭረቶቹን የሌላ ሰው ክንድ ይመስል አያቸው።

«አማርኛውን መምህር አየሉ ነበሩ የሚጽፉልኝ» አለ። «በክረምት ሞቱ። ሹመቱ ደግሞ ደረሰ። ለማን ልናገር? ከሰው በፊት አባባን ልያቸው ብዬ በጓሮ በር ገባሁ። አይተውታል? አልኳቸው። ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት አሉኝ። ምን ሊያደርጉ ነው? ስላቸው፣ እንደ ተጻፈው አነበዋለሁ፣ አንዲት ቃል አልጥልም አሉና ሳቁ። በእኔ የሚስቁ መሰለኝ። ትራሱን አነሳሁ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘርግቼ...» ወደ ባት-ኤል ቀና አለ። «ታዲያ ምን አይተው ነበር?»

«ጦጣዋን» አለች ባት-ኤል። «ከፊደሉ አንዲቱን አይለዩም።»

ሲወስዱት አልታገለም። ዳፍና ሰዓቷን አየች፤ መጽሐፎቹን ለልጆቹ መስጠት ይቻል እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀች።

ንጉሴ ከፖስተሩ ሥር ሄዶ ቆመ።

«ለምኜሽ ነበር» አላት ባት-ኤልን። «እሱ ነፍሳቸውን ወሰደ። የቀረውን አንቺ ወሰድሽ።»

እማማ እማዋይሽ ትንሿን ወንበር ተደግፈው ተነሱ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ተወሰደበት ትላለህ?» አሉ። «እኛና አለነ የአንድ መንደር ልጆች ነን። ፊደል የት አይቶ ያውቃል? ሽማግሌው ሁሉ፣ ባልቴቱ ሁሉ ይህን ያውቃል። ያ የተማረ ተብዬም አንድ ቀን ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ ቢሆን ያውቅ ነበር። አለነ መጽሐፉን ይዞ ሲናገር ደስ ይለን ነበር፣ ዝም አልን።»

«ታዲያ እንደምታውቁ ለምን አልነገራችኋቸውም፣ እማማ?» አለ ንጉሴ። «አንድ ቀን እንኳ ብትነግሯቸው ኖሮ፣ ለዚያ ሰውዬ ባልዋሹ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ያፍራል ብለን» አሉ።