ለጤነኛዋ ሴት የተነጠፈ ገለባ

ገለባው ከጋሪው ላይ ሲራገፍ ሄስተር ቬኒንግ ፍጹም ጤነኛ ነበረች።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሁለት ሰዎች በመንሽ እየበተኑ ከቤቷ በር ግራና ቀኝ ሠላሳ እርምጃ ያህል መንገዱን አለበሱት። ቀጥሎ የቤት ሠራተኛዋ ፌቢ ወጥታ የበሩን የብረት ማንኳኪያ በነጭ ጓንት ጠቀለለችው። ለንደን ውስጥ ይህን አይቶ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ገለባው የሠረገላን ድምፅ ያፍናል፤ የመንኮራኩር ድምፅ እንኳ ሊገድለው የሚችል በሽተኛ እቤት ውስጥ አለ ማለት ነው። ባለሠረገሎች ፈረሶቻቸውን ገቱ፤ ጎረቤቶች በሹክሹክታ ማውራት ጀመሩ። እስከ ቀትር ድረስ ከየቤቱ ሦስት ሳህን የጥጃ እግር መረቅና አንድ ቅርጫት ወይን መጣ።

ሄስተር ይህን ሁሉ ከላይኛው ፎቅ መስኮት አየች። የመኝታ ክፍሏ በር ከውጭ ተቆልፏል።

ነገሩ የተጀመረው በመጋቢት ነው፤ ንግሥቲቱ ባሏ ሞቶ ጥቁር ከለበሰች በኋላ በተከታዩ ዓመት። ሄስተር ከከተማው ዳር ባለው የዕፅዋት ማሳደጊያ፣ የመስታወቱ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ቅጠል ትስላለች። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ሰማች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤት፤ አንድ ቅጠል ጨምረዋል።»

«በምን አወቁ?»

«ቆጥሬዋለሁ። እንጀራዬ ነው።»

«እኔማ እንዲያምር ብዬ ነው።»

«አምሯል። እውነት አይደለም እንጂ።»

ሄስተር ሳቀች። ከዚያም በመሳቋ ደነገጠች።

ጊልበርት ሮውስ ለሊቃውንት መጻሕፍት ዕፅዋት የሚስል፣ ጣቶቹ ከቀለም የማይጠሩ ወጣት ነበር። በየማክሰኞው እዚያው ተገናኙ። በሰባት ወር ውስጥ እጃቸው የተነካካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማጉያ መነጽር ሲያቀብላት።

በጥቅምት ሕንድ አጠገብ ወዳለችው ደሴት፣ ወደ ሴሎን፣ የሚወስድ ሥራ አገኘ።

«ነይ» አላት። አንቺ ሲላት የመጀመሪያው ነበር። «ኤፊንም ይዘሽ ነይ።»

ኤፊ የአራት ዓመት ልጇ ናት።

ለሄስተር ሹልክ ብሎ መጥፋት አልሆንላት አለ። ሰኞ ማታ እራት ላይ ለባሏ በግልጽ ነገረችው።

«ኤድመንድ፣ ልቀቀኝ። ልጄን ይዤ ልሂድ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ኤድመንድ ቬኒንግ ጠበቃ ነው። በስድስት ዓመት ትዳር አንድ ቀን ጮሆ አያውቅም። ከንፈሩን በናፕኪን ጠረገ።

«አሞሻል፣ ውዴ።»

«ደህና ነኝ።»

«የታመመ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ልጅ ደግሞ የአባቷ ናት። ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም፤ ብጽፈውም ግን ከዚህ አላሳምረውም ነበር።» ፈገግ አለላት። «ሾርባሽ ቀዘቀዘ።»

በማግስቱ ገለባው መጣ።

ጊልበርት ማክሰኞን ሙሉ መስታወቱ ቤት ውስጥ ጠበቃት። ረቡዕ እቤቷ ድረስ መጣ። ከመንገዱ መታጠፊያ ገለባውን ሲያይ ባለበት ቆመ። ጎዳናው ከመርጋቱ የተነሣ፣ ከታች የሚነገረው ሁሉ ሄስተር ጆሮ ይገባል።

«የታመሙት ወይዘሮ ቬኒንግ ናቸው?» አላት በሩን የከፈተችለትን ፌቢን።

«ቀስ ይበሉ ጌታዬ! የአንጎል ትኩሳት ነው። ድምፅ ከሰሙ ይሞታሉ ተብሏል።» ፌቢ እውነቱን ታውቃለች። ከተናገረች ግን ያለ ምስክር ወረቀት እንደምትባረር፣ ያለ ምስክር ወረቀትም ማንም እንደማይቀጥራት ታውቃለች። ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ሄስተር መስታወቱን በጡጫ መታች። «ጊልበርት! ጤነኛ ነኝ! ጊልበርት!»

ከማዶ በረንዳ ላይ አንዲት አሮጊት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምስኪን፤ መቃዠት ጀመረች።»

ጊልበርት ቀና አለ። ስሙን ሰምቷል። ትኩሳት የያዘው ሰው የሚወደውን ሰው ስም እንደሚጠራም ያውቃል። ዐይኖቹ እንባ ሞሉ፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «ዝም፣ እረፊ» አላት በምልክት። ከዚያም ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀና በእጁ ይዞ፣ ገለባው ላይ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ሄደ።

ሄስተር እንደዚያን ቀን ተወድዳ አታውቅም። ሲሳሳላት ነው የገደላት።

ጊልበርት የሴሎኑን መርከብ አሳለፈው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እየመጣ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሽቅብ አይቷት ሄደ። ኤድመንድ ማታ ማታ ምግቧን ራሱ ያመጣላታል።

«ዛሬም በካልሲ መጣልሽ» ይላታል ትሪውን እያስቀመጠ። «በዚህ ብርድ! ጨዋ ልጅ ነው፤ ደንብ ያውቃል።»

በዐሥረኛው ቀን ጠዋት ገለባው ተጠርጎ ተጫነ። የቤቱ መጋረጃዎች በሙሉ ወረዱ። ኤድመንድ የሄስተርን በር ከፈተ፤ ኤፊን አቅፏታል። ልጅቷን እናቷ ጭን ላይ አስቀመጣት። ከዚያም በመጋረጃው ኋላ እጁን ሰዶ መስኮቱን ራሱ ከፈተው።

«እየመጣ ነው። አሁን መጣራት ትችያለሽ። በሩም ክፍት ነው፤ ሂጂ ብትፈልጊ። ያን ካደረግሽ ግን ኤፊ ከነገ ጀምሮ ስኮትላንድ፣ እህቴ ዘንድ ታድጋለች፤ እናትሽ ሞታለች ተብላ። ዛሬ ብትጠሪው፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሁለት መስመር ብትጽፊለት፣ ለኔ ያው ነው፤ ኤፊን አታገኚያትም።»

«እማዬ፣ ለምን አጨለማችሁት?» አለች ኤፊ።

ኤድመንድ ወርዶ የውጭውን በር ራሱ ከፈተ። ጊልበርት የወረዱትን መጋረጃዎች አንድ በአንድ ያይ ነበር። በቀን የወረደ መጋረጃ በዚያ ከተማ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው።

«መቼ?» አለ።

«ገለባውን ዛሬ አስነሣነው። ከእንግዲህ ጸጥታ አያስፈልጋትም።»

አንዲት ሐሰት አልወጣውም።

«በመጨረሻ... ምን አለች?»

«‹ልጄን› አለች።»

ሄስተር ኤፊን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘቻት። የራሷን እጅጌ ነከሰች።

«እማዬ፣ አሳመምሽኝ።»

«ዝም በይ፣ የኔ ማር።»

ጫማው በድንጋዩ ላይ ሲራመድ ተሰማ። ዛሬ አላወለቀውም። ዳናው እየራቀ ሄዶ ከሠረገላዎቹ ድምፅ ጋር ተቀላቀለ።

መጋረጃዎቹ ወዲያው ተነሡ፤ ለጎረቤት «እግዜር ማራት፤ አየር ለመለወጥ ወደ ባሕር ዳርቻ ትሄዳለች» ተባለ። ሄደች፤ ተመለሰች። የብርዱ ወራት አለፈ።

ሰኔ ላይ፣ ቁርስ ሲበሉ፣ ፌቢ ሻይ እየቀዳች ሳለ ኤድመንድ አንድ ደብዳቤ ከፈተ። አየውና ሳቀ።

«ከሴሎን ነው፤ ለኔ የተጻፈ። የሐዘን ደብዳቤ! ላንብብልሽ?»

መልሷን አልጠበቀም።

«‹ሚስተር ቬኒንግ፣ ሐዘንዎን ለመካፈል መብት እንደሌለኝ አውቃለሁ። ባለቤትዎን እወዳት ነበር። ይህን ለእሷ ሳልነግራት ቀረሁ። እዚህ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ይዘንባል፤ ሲዘንብ ብሩሼን አስቀምጬ እሷን አስባለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እወዳታለሁ። ለእሷ መንገር ስላልቻልኩ ለእርስዎ ነገርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ።›»

ዐይኑን አነሣ። እንባዋን ፈለገ፤ አላገኘም።

«ድገምልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«‹ባለቤትዎን› ከሚለው ጀምረህ። ቀስ ብለህ።»

ኤድመንድ ፈገግ ብሎ ጀመረ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ፈገግታው ጠፋ። ቶሎ ቶሎ አንብቦ ወረቀቱን አጠፈው።

«ዘለልክ» አለችው።

«ምን ዘለልኩ?»

«‹ዕድሜዬን ሙሉ› የሚለውን። ራስህ የጀመርከውን ጨርሰው እንጂ፣ ኤድመንድ።»

ፌቢ የሻይ ጀበናውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። በሠራተኛ ፊት ማፈግፈግ ለኤድመንድ የማይሆን ነው። ወረቀቱን ዘረጋ። በዚያ ገበታ ላይ «እወድሻለሁ» ብሎ የማያውቅ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሄስተር ዐይኗን ጨፈነች።

«‹ዕድሜዬን ሙሉ እወዳታለሁ›» አለ።

«እኔም» አለች ሄስተር።