ባለ ጥቁር ፈትሉ ብራና

በሰልዋን ምድር ደወል ያለ ሰው እጅ የጮኸበትን ያንን ቀትር ዛሬም የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ነበር፤ ቅጠል የሚያወዛውዝ ነፋስ እንኳ አልነበረም። ከዛጎራ ተራሮች ወገን አንድ ከባድና ረጅም ድምፅ ተሰማ። ገበሬው ሞፈሩን ለቀቀ፤ ሸማኔው መወርወሪያውን አቆመ፤ ገበያው ውስጥ የሚጨቃጨቁት ሁሉ ዝም አሉ። ያ ድምፅ የሐይቁ በር ደወል ነበር። የሚጮኸውም የሰው አፍ የበሩን ምስጢራዊ ቃል ሲጠራ ብቻ ነው። በዚያ ቀን ደግሞ ቃሉን እንዲጠራ የተፈቀደለት ሰው አልነበረም።

ሰልዋን የምትኖረው በዚያ ሐይቅ ውሃ ነው። ሐይቁ በተራራው አናት ተሸሽጎ ይተኛል፤ በሩም ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው። በየዘር ወቅቱ ቃሉ አንድ ጊዜ ይጠራል፤ በሩም ለእርሻው የሚበቃውን ውሃ አፍስሶ ራሱን ይዘጋል። በሦስት ተከታታይ ቀናት ሦስት ጊዜ ከተጠራ ግን እስከ መጨረሻው ይከፈትና ውሃው በምሥራቁ ገደል ወደ ሐሩር ምድር ወርዶ ያልቃል። የሐሩር ምድር ጌታ አጋዛር ይህን ሲመኝ ሃያ ዓመት ኖሯል።

የበሩ ቃልና የመንገዱ ምልክት የተጻፉት በአንድ ብራና ላይ ብቻ ነበር፤ እሱም የሚኖረው በቤተ ብራና ነው። አዬ ቤተ ብራና! ያን ጊዜ በሩ ሰፊ ነበር። ተማሪዎች ብራና በብብታቸው ይዘው ወደ ወንዙ ዳር ይወርዱ፣ በሾላው ጥላ ሥር ተጋድመው ያነብቡ ነበር። ሥርዓት አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በነጭ ፈትል የታሰረውን ማንም ያነብበዋል፤ ቢጫው የቤቱ ሰዎች ነው፤ ቀዩ ስማቸው አንድ በአንድ የተጻፈላቸው ጥቂቶች ነው። ጥቁሩን የሚያውቁት ንግሥቲቱ፣ የቤቱ አለቃ ሊቀ ብራና ዝክሮ እና አስተማሪው መምህር ልሳኑ ብቻ ነበሩ። እያንዳንዱ ፈትል የራሱ ሽታ ያለው ሙጫ ይቀባል። በበሩ ላይ የሚቆሙት ኩርኒቶች፣ እነዚያ ፍየል የሚያህሉ፣ አፍንጫቸው ረጅም፣ ፀጉራቸው ብርማ እንስሳት፣ ቀይ ወይም ጥቁር ሙጫ በአጠገባቸው ካለፈ መሬቱን እየደበደቡ ይጮኻሉ።

ደወሉ በተሰማበት ቀን ኩርኒቶቹ ጸጥ ብለው ተኝተው ነበር።

ሊቀ ብራና ዝክሮ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። ተከትላቸው የገባችው ሐረገዊን ናት፤ የቀይ ፈትል ጠባቂ፣ ዕድሜዋ ሃያ ሁለት። ባለ ጥቁር ፈትሉ ብራና በቦታው ነበር። ማኅተሙ አልተነካም፤ አቧራው እንኳ አልተገፈፈም።

«እንግዲያ በምን ወጣ?» አለች ሐረገዊን።

ከኋላቸው አንድ ድምፅ መለሰ። «እሱ አልወጣም። የወጣው እኔ የጻፍኩት ነው።»

መምህር ልሳኑ በሩ ላይ ቆመዋል። ለሐረገዊን ፊደል ያስቆጠሯት፣ ብዕር አያያዝ ያሳዩአት እሳቸው ናቸው።

«ካለፈው ክረምት ወዲህ አእምሮዬ እየከዳኝ ነው» አሉ። «የተማሪዎቼ ስም ይጠፋብኛል። ቃሉም እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ። ልጆች ጽሕፈት በሚለማመዱበት ተራ ቁራጭ ብራና ላይ ጻፍኩት፤ በኮሮጆዬ ይዤው ወጣሁ። ሙጫ ስላልነበረው ኩርኒቶቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ኮሮጆዬን የጀልባው መሻገሪያ ላይ ጥዬው ሄድኩ።»

«መቼ?» አሉ ሊቀ ብራና ዝክሮ።

«ሦስት ወር ሆነው።»

«እና ሦስት ወር ሙሉ ዝም አልክ?»

«መጀመሪያ አፈርኩ» አሉ መምህሩ። «ከዚያ መጥፋቱን ራሱን ረሳሁት።»

ሊቀ ብራና ዝክሮ ምርኩዛቸውን አስቀምጠው ቁጭ አሉ። «ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም» አሉ። «ኩርኒቶቹን ሙጫ እንዲያሸቱ አስተማርናቸው እንጂ ቃል እንዲያሸቱ አላስተማርናቸውም። ቀዩንም ፈትል የበግ ቆዳ አለፋፍ ለተጻፈበት ሳይቀር አሰርነው። ሁሉ ነገር ቀይ ሲሆን ቀይ ማለት ትርጉም አጣ፤ ጥቁሩም አብሮ ተናቀ።»

«ሠራዊት ይላክ» አለች ሐረገዊን።

«ሠራዊት ከላክሁ ቦታውን ሺህ ሰው ያውቀዋል። ሦስት ትሄዳላችሁ። ልሳኑ መንገዱን ያውቃል። የበር ጥበቃው አለቃ ኮስትሬ ሰይፍ ያውቃል፤ ለእሱ ግን ቃሉም ሆነ የበሩ ቦታ አይነገረውም፤ ከሐይቁ በፊት ካለው ጠባብ ገደል አፍ አይለፍ። አንቺ ከአሁን ጀምሮ ሁሉንም ታውቂያለሽ።» ከጉያቸው ጥቁር ፈትል አውጥተው በእጇ አንጓ ላይ አሰሩላት። «ማይ።»

ሐረገዊን ተንበርክካ ማለች። «በጠጣሁት ውሃና በቆጠርኩት ፊደል እምላለሁ! ላልተፈቀደለት ጆሮ ቃሉን አላወጣም፤ ለተፈቀደለትም ከሚያስፈልገው አላስበልጥም። ቃሉ ከምላሴ ከሚወጣ ነፍሴ ትውጣ!»

በዚያው ከሰዓት በኋላ ተነሡ። ኮስትሬ ከፊት፣ ትልቋ ኩርኒት ከጎኑ፣ መምህሩ በበቅሎ፣ ሐረገዊን ከኋላ። ኮስትሬ ሠላሳ ዓመት በቤተ ብራና በር የቆመ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ቅርብ የሆነ ሰው ነው። የት እንደሚሄድ ሳይጠይቅ ሄደ። የማንበብ ዕድል አልገጠመውም፤ ኩርኒቶቹን ግን እንደ ልጆቹ አሳድጓቸዋል።

መምህሩ ትናንት ያደረጉትን አያስታውሱም፤ የድሮውን ግን በቅሎዋ ላይ ሆነው እንደ ዛሬ ያወሩታል። ጎርፍ የቤቱን ምድር ቤት የሞላበትን ዓመት፣ ተማሪዎች እርጥብ ብራና በወንዙ ዳር በገመድ ያሰጡበትን ቀን፣ ነፋስ አንዱን ነጥቆት የመንደሩ ሰው ሁሉ እየሳቀ ያሳደደበትን።

«ያን ጊዜ ማንም ማንንም አይጠረጥርም ነበር» አሉ።

«ያን ጊዜ የሚፈልገን አልነበረም፣ መምህር» አለ ኮስትሬ።

ሐረገዊንም ያንን ወንዝ ዳር ታስበው ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ሆና የምትጠራትን እናቷንም ጭምር። እናቷ ልብስ አጣቢ ነበረች። ልጇን የምትጠራበት አንድ ስም ነበራት፤ ከሁለቱ በስተቀር ማንም ሰምቶት አያውቅም። ከሞተች ስምንት ዓመት ሆኗታል። ሐረገዊን ሲጨንቃት ያንን ስም በልቧ ትለዋለች፤ ያን ጊዜ የእናቷ ድምፅ ከነሳሙናዋ ሽታ ይመጣላታል።

በማግስቱ ቀትር ደወሉ ሁለተኛ ጊዜ ጮኸ። አሁን ቅርብ ስለነበሩ ድንጋዩ ከእግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ። ኩርኒቷም ወደ ኋላ ዞራ መሬቱን ደበደበች። ከሸለቆው ሥር አሥራ ሁለት የአጋዛር ወታደሮች ይከተሏቸው ነበር፤ ቀይ ጨርቅ በጦራቸው ላይ ታስሯል።

ሦስቱ እየሮጡ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ገደል አፍ ላይ ደረሱ። ኮስትሬ ቆመ።

«እኔ እስከዚህ ነኝ፤ ታዝዣለሁ» አለና ሰይፉን መዘዘ።

«ጋሼ ኮስትሬ፣ አሥራ ሁለት ናቸው!»

«በዚህ ቀዳዳ አንድ አንድ ሆነው ነው የሚመጡት፣ ልጄ። በር መጠበቅ ደግሞ ሥራዬ ነው። ሂጂ፤ የት እንደሆነ ግን አትንገሪኝ፤ ቢይዙኝ እንኳ የምሰጣቸው አይኖረኝም።»

ሐረገዊን እጁን ሳመችና በቅሎዋን ትታ መምህሩን ደግፋ ሄደች። ከኋላዋ የብረት ድምፅና የኩርኒቷ ጩኸት ለረጅም ጊዜ ተሰማ። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ሁለቱም ጸጥ አሉ። የተከተላቸው ግን አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከሐይቁ ዳር ደረሱ። መምህሩ ሦስት ጊዜ መንገዱ ጠፍቷቸው፣ ሦስት ጊዜ እያለቀሱ አግኝተውታል። በውሃው ጠርዝ ባለ ዋሻ ገብተው የድንጋዩ በር ጀርባ ላይ ቆሙ። በስንጥቁ ወደ ውጭ ሲያዩ አጋዛር ከአርባ ሰዎቹ ጋር ከበሩ ፊት ቆሟል፤ ረጅም፣ ጢሙ በወርቅ ክር የተጎነጎነ። ያቺን ቁራጭ ብራና ይዟል። በጠርዟ ላይ የአንድ ተማሪ የተንጋደደ ፊደል ይታያል።

«ዘልዬ ልንጠቀው» አለች ሐረገዊን በሹክሹክታ።

«ሁለቴ ጠርቶታል፤ ቃሉ አሁን በአፉ ነው። አርባዎቹም ሰምተዋል። ብራናውን ብታቃጥዪ ምን ይፈይዳል?» መምህሩ ግንባራቸውን በድንጋዩ ላይ አሳረፉ። «የወጣውን መመለስ አንችልም። የምንችለው የወጣውን ከንቱ ማድረግ ነው። በሩ አዲስ ቃል ይቀበላል። ግን ከሰጪው በቀር ሌላ ሕያው ጆሮ ያልሰማው፣ ሰጪው ከልቡ የሚወድደው ቃል መሆን አለበት። ድንጋዩ ቃሉን ሲወስድ ውስጡ ያለውንም ይወስደዋል። እኔ ልስጠው ብል... ምንም አላገኝም፣ ልጄ። ፈልጌ ፈልጌ ባዶ ነው።»

ሐረገዊን ወዲያው ገባት። እጇን ወደ ድንጋዩ ሰደደችና መለሰችው። ፀሐይዋ ወደ አናት እየተጠጋች ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ስሙን በልቧ አለችው፤ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ ከነሳሙናው ሽታ፣ ከነእርጥብ እጆቿ። ትንሽ አቆየችው።

ከዚያ መዳፏን በድንጋዩ ላይ አድርጋ ስሙን ጮክ ሳትል ተናገረችው። ድንጋዩ ሞቀ። እንደ እንስሳ ተነፈሰ።

ከውጭ አጋዛር ሁለት እጆቹን ዘርግቶ የቀድሞውን ቃል ጠራ። ደወሉ አልጮኸም። ደግሞ ጠራ። በሦስተኛው፣ ተራራው የሚያውቀውን ሰው ከማያውቀው ይለይ ይመስል ከበሩ በላይ ያለው ጠርዝ ተሰነጠቀና አንድ ነጭ የውሃ ግድግዳ ወረደ። አጋዛርንና አርባ ሰዎቹን በምሥራቁ ገደል ጠርጎ ወሰዳቸው፤ ቁራጯም ብራና አብራ ሄደች። ስንጥቁ ተመልሶ ተገጠመ። ሐይቁ ጸጥ አለ።

«ምን ይሰማሻል?» አሏት መምህሩ።

ሐረገዊን ስሙን በልቧ አለችው። ቃሉ አለ፤ አንድም ፊደል አልጎደለም። ከእሱ ጋር የመጣ ግን አልነበረም። «የበር ቃል ነው» አለች። «ሌላ ምንም አይደለም።» ከዚያ አለቀሰች።

ኮስትሬን ገደሉ አፍ ላይ አገኙት፤ አሥራ ሁለቱ ከፊቱ ወድቀዋል፤ ኩርኒቷም አንገቷን በደረቱ ላይ አድርጋ ሞታለች። ሁለቱን በአንድ መቃብር ቀበሯቸው።

ሊቀ ብራና ዝክሮ ያንን ዓመት ሳይጨርሱ አረፉ፤ ሐረገዊን በመንበራቸው ተቀመጠች። መቶ ቀን ሙሉ ብራናዎቹ አንድ በአንድ ተነብበው እንደገና ተለዩ፤ ቀይ ታስሮባቸው ከነበሩት ከግማሽ በላዩ ነጭ ሆኑ። ኩርኒቶቹ በተራ ብራና ላይ የሰፈረውን ቃል ራሱን እንዲያሸቱ ተማሩ። የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ አለቃዋም ጭምር፣ ኮሮጆውን በበሩ ያስፈትሻል። የሚረሳም ሰው «እየረሳሁ ነው» ቢል እንዳይነቀፍ ሕግ ወጣ። ሰልዋን ውሃዋን ጠጣች። በወንዙ ዳር ግን ብራና ይዞ የሚጋደም ተማሪ ከዚያ በኋላ አልታየም፤ ሐረገዊንም በመስኮቱ ያንን ባዶ ሣር እያየች ብዙ ጊዜ ትቀመጥ ነበር። ብራና ከቤቱ እንዳይወጣ የሚከለክለውን ሕግ ያወጣችው ራሷ ናት፤ ትክክል እንደሆነም ታውቃለች። ቢሆንም ይናፍቃታል።

ከስድስት ዓመት በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት አዲሱ የበር ጥበቃ አለቃ እየሮጠ መጣ። «እመቤቴ፣ መምህር ልሳኑ ግቢው መሐል ቆመው የበሩን ቃል እየጮኹ ነው! ተማሪዎች ሁሉ ይሰማሉ! መምህሩን ላስወጣቸው?»

ሐረገዊን ወረደች። መምህሩ አሁን ማንንም አያውቁም፤ የራሳቸውንም ስም አያውቁም። ግን ደረታቸውን ነፍተው፣ ዓይናቸው እየበራ፣ የቀድሞውን ቃልና የመንገዱን ምልክት እንደ ዜማ ያወርዱት ነበር። ተማሪዎቹ ፈርተው ጆሯቸውን ይዘዋል።

እሷ ወደ ውስጠኛው ክፍል ተመልሳ አሮጌውን ብራና አመጣች። በሁሉም ፊት ጥቁሩን ፈትል በቢላ ቆረጠችና ነጭ አሰረችበት። «ጆሯችሁን ልቀቁ» አለች። «ይህ ቃል ከእንግዲህ ምንም አይከፍትም፤ መንገዱም ከተዘጋ ድንጋይ በቀር የትም አያደርስም። የሁሉም ነው።»

ከዚያም ከተማሪዎቹ ኋላ፣ መሬት ላይ፣ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች።

መምህሩ አዩዋት። «አንቺ ከኋላ ያለሽው» አሉ ቆጣ ብለው፣ «ድምፅሽ አይሰማኝም። ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

«እሺ፣ መምህር» አለች ሐረገዊን፤ ከመጀመሪያውም ጀመረች።