የመናኸሪያው ስክሪን

መብራቱ ሲመጣ ኤሌኒ ማንም ሳይቀድማት የኮምፒውተሩን ማብሪያ ተጫነችው። የመናኸሪያው ቲኬት ክፍል ጠባብ ነው። ከውጭ ሾፌሮች መስኮቱ ላይ ተጋፍተው ቆመዋል፤ ከውስጥ የሚኒባሶቹን ተራ የሚይዙት እትዬ እታገኘሁ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ሐምዛ ግድግዳውን ተደግፎ ፈገግ ይላል። ኤሌኒ ያን ፈገግታ በጥፊ ማጥፋት አማራት።

ኮምፒውተሩ እንደተነሣ የኤሌኒ ፕሮግራም ወዲያው ተከፈተ። ግራጫ ገጽ፣ ሁለት ቁልፍ፣ የሚኒባሶቹ ተራ። በቃ።

«አየህ?» አለችው ዞር ሳትል። «ያንተ ቢሆን እስካሁን ክቡ እየተሽከረከረ ነበር።»

«የኔ ከተከፈተ ሰው ያነበዋል።»

«መጀመሪያ ይከፈትልህ!»

ጠቡ የቆየ ነው። ሁለቱም አሥረኛ ክፍል ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክበብ ውስጥም አብረው ነው የገቡት። ክበቡ ለመናኸሪያው ተራ የሚይዝ ፕሮግራም ሥሩ ሲባል ግን ተለያዩ። ሰው የሚያየውን ገጽታ፣ ቁልፉንም ፊደሉንም፣ በምን መሣሪያ እንሥራው ነው ነገሩ። ሐምዛ ድረ ገጽ የሚሠራበትን መረጠ። ቀለሙ ሸጋ ነው፣ ፊደሉ ከሩቅ ይታያል፤ ግን ከባድ ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እስኪከፈት ሰው ያስረጃል። ኤሌኒ ቀላሉን መረጠች። የሷ ቶሎ ይከፈታል፤ የአማርኛ ፊደል ሲሰጡት ግን ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ለዚያም መላ አላጣችም፤ የሾፌሮቹን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈችው። እሷና ጓደኞቿ በስልክ ሲጻጻፉ እንደዚያው አይደል? አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፉ ሲሰዳደቡ ይውላሉ፤ ስድቡ ያልገባው ሰው እስከዛሬ የለም።

ሐምዛ ነግሯት ነበር። «አንቺ ስላነበብሽው ሁሉም ያነበዋል?» ብሏት ነበር። ሐምዛ ስላለው ብቻ አልሰማችውም።

ትናንት የሐምዛ ተሞከረ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፕሮግራሙ እስኪከፈት ድረስ ሾፌሮቹ «እኔ ነኝ ቀዳሚው፣ እኔ ነኝ» ተባብለው ተናነቁ። ኤሌኒ ደስ አላት፤ ደስታዋንም አልደበቀችም። ዛሬ የሷ ነው። የክበቡ ሰብሳቢ ስለሆነች ክበቡን የሚመራው ቲቸር ፋንታሁን ምርጫውን ለሷ ትቶታል፤ ከምሳ በፊት ደውሎ ይጠይቃታል። የተመረጠው ይቀጥላል፣ የሌላው ልፋት ይጣላል።

እትዬ እታገኘሁ ስክሪኑን ወደ ውጭ አዞሩት። ሾፌር በዐይኑ ያላየውን ተራ አያምንም፤ ድሮም ተራው በጠመኔ ነበር ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው።

«ቀጣዩ ማነው?» አለ አንዱ ከውጭ።

«አያ ሐብተ ማርያም ናቸው፣ የትክል ድንጋይ መስመር» አለች ኤሌኒ። «ይኸው ተጽፏል።»

አያ ሐብተ ማርያም ሽበታም ሾፌር ናቸው። አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን አዩት፤ ደግመው አዩት። «የታለ?»

«ከላይ፣ መጀመሪያው።»

«ይኼ? ይኼ የፈረንጅ አይደል እንዴ!»

«የርስዎ ስም ነው፣ ፊደሉ ብቻ ነው የእንግሊዝኛ...»

«ምነው? እኔ የምጭነው ወደ ትክል ድንጋይ ነው ወደ ለንደን?»

ሾፌሮቹ ሳቁ። አንዳርጋቸው የሚባል ወጣት ሾፌር ከኋላ እየገፋ መጣ። እሱም የትክል ድንጋይ ነው፣ ተራው ግን ከሳቸው ቀጥሎ ነው። ስክሪኑን አየና ዐይኑን በጨው አጥቦ «አያ፣ ይኼማ የኔ ስም ነው! አንዳርጋቸው ይላል» አለ። ወዲያውም ረዳቱን «ጥራ!» ብሎ ወደ መኪናው ሮጠ።

«ይዋሻል!» ኤሌኒ ጮኸች። «አያ፣ ውሸቱን ነው! የርስዎ ነው!»

አያ ሐብተ ማርያም አንዴ እሷን፣ አንዴ ስክሪኑን አዩ። «በምን ልወቅ?»

ረዳቱ «ትክል ድንጋይ! የሞላ! የሞላ!» እያለ ሰዉን አግበሰበሰው። እትዬ እታገኘሁ በር ከፍተው እስኪወጡ የአንዳርጋቸው ሚኒባስ አቧራውን አልብሷቸው ሄደ።

«አንቺ ልጅ» አሉ አያ ሐብተ ማርያም። አሁን አልጮኹም። «እኔ ዳዊት ደግሜ ያደግሁ ሰው ነኝ። ዛሬ በገዛ ስሜ መሀይም አደረግሽኝ።»

ሄደው ባዶ ሚኒባሳቸው ውስጥ ተቀመጡ። እትዬ እታገኘሁ ተመልሰው ስክሪኑን አጠፉትና ጠመኔያቸውን ከመሳቢያ አወጡ። «በሉ ይህን ጉዳችሁን አንሡልኝ። ሰው የሚያነበው ነገር ስትሠሩ ትመጣላችሁ።»

«ነግሬሽ ነበር» አለ ሐምዛ።

«ዝም በል።»

«ነግሬሽ...»

«ዝም በል አልኩህ!»

ስልኳ ጠራ። ቲቸር ፋንታሁን ነው። «እሺ ኤሌኒ፣ የማን ይሁን?»

የምትለው ነገር ሞልቷል። የሷ ቶሎ ተከፍቷል፤ እውነት ነው። አንዳርጋቸው ዋሽቷል፤ እሱም እውነት ነው። የሐምዛ ትናንት ሰው አናንቋል። ይህን ብቻ ብትል ቲቸር ያምናታል። ሐምዛ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል፤ የምትለውን ያወቀ መስሎታል።

«የሐምዛ ይሁን» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ። የኔን ሾፌሮቹ ማንበብ አልቻሉም።» ዘጋችው።

ሐምዛ ዞረ። አፉ ክፍት ነው። ከዚያ ግን ያው ፈገግታው መጣ። «ታዲያ ይቅርታ አትይኝም?»

«ላንተ? በሕልምህ! ቁጭ በልና እንደዚያ የሚያንቀራፍፈው ለምን እንደሆነ ፈልግ። ስመለስ አብረን እናየዋለን።»

«ወዴት ነው?»

ግቢውን አቋርጣ ወደ አያ ሐብተ ማርያም ሚኒባስ ሄደች፤ መስታወቱንም በጣቷ መታች። ሽማግሌው አዩዋት። ፊታቸውን መልሰው ወደ መንገዱ አዞሩ፣ መስታወቱንም አላወረዱላትም።

ኤሌኒ እጇን ኪሷ ከታ እዚያው ቆመች።