ተቀምጦ የጠየቀኝ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጉርሜሳ ቶሌሳ የግራ እግሩን ነጠላ ጫማ ሱቄ ውስጥ ጥሎ ወጣ። ሰዓቱን የማውቀው እሱ ራሱ ጠይቆኝ ስለነገርኩት ነው፤ የገለምሶ ተሳፋሪዎች እየጠበቁት ነበር።

እኔ ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። እሱ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። የወንበሮቹን ልክ አስለክቶ፣ ቀይ ጨርቅ መርጦ ወጣ። ቀና ስል ጫማው መሬት ላይ ነው። ሰውየው አንድ እግሩን በጫማ፣ አንዱን በባዶው ጠጠሩን እየረገጠ ይሄዳል።

ጫማውን ይዤ ሮጥኩ።

«ወንድሜ! ጫማህ!»

ዞሮ ጫማውን አየ። ከዚያ እግሩን አየ። የሌላ ሰው እግር የሚያይ ይመስል ነበር።

«መቼ ወለቀ?» አለኝ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? እግሩ ያንተ!»

ሳቀ። «እንግዲህ እግሬ አንቺ ጋ መቅረት ፈልጓል። ምን ላድርገው?»

የሾፌር ወሬ ነው ብዬ ተመለስኩ። ያን ቀን ግን ቀዩን ጨርቅ አጣምሜ ሰፍቼ፣ እንደገና ተረተርኩት።

የወንበሩ ልብስ ካለቀ በኋላም መምጣቱን አልተወም። አንዴ የመሪ ልብስ፣ አንዴ መጋረጃ።

«ቀጥሎ ለሞተሩ ቀሚስ ልታሰፋ ነው?» አልኩት።

«ልኩን መጥተሽ ውሰጂያ፣ ጃለሌ።»

ጃለሌ በኦሮምኛ ውዴ ማለት ነው። እንደማውቅ ያውቃል። የመርፌውን ዓይን ፈልጌ አጣሁት።

እሱ ጴንጤ ነው፤ ቤተሰቦቹ በደሳ ቡና ያመርታሉ። እኔ ዘመናይ የአቶ አጥናፉ ልጅ ነኝ። አባቴ ለአሰቦት ገዳም ስለት ሳያገባ ዓመት አልፎት አያውቅም። ስለዚህ ፍቅራችን ከሱቄ ደጃፍ ወዲያ አይሄድም ነበር።

በዚያ በጋ ጀርባውን ያመው ጀመር። «ብርድ ነው» አሉት። እኛ አገር ሾፌርን የሚመታው ብርድ ብቻ ነው፤ መስኮት ከፍቶ ይነዳላ። ወጌሻው ጀርባውን በቅባት አሸው፤ እናቱም የሱፍ መቀነት ላኩለት።

«ብርድ ጫማ አያስወልቅም» አልኩት። «ሐኪም ጋ ሂድ።»

«አንቺ ደግሞ! ሁሉም ብርድ ነው እያለ።»

አንድ ቀን ከገለምሶ መውጫ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን የረገጠ መሰለው። አልረገጠም። በእጅ ፍሬን ገደል አፍ ላይ አቆማት። ማንም አልተጎዳም። ሱቄ ገብቶ የመኪናውን ቁልፍ ስፌት መኪናዬ ላይ አኖረና «ሰው ጭኜ ነበር፣ ዘመናይ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም።

አዲስ አበባ ድረስ አብሬው ሄድኩ። ለቤተሰቦቼ የነገርኳቸው ጨርቅ ልገዛ ነው ብዬ ነበር። ኤም.አር.አይ. ተነሣ። ፊልሙን ያሳየችን የአእምሮና የሕብለ ሰረሰር ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ኤደን ናት። ከጀርባ አጥንቱ ውስጥ፣ ነርቩ መሐል፣ ዕጢ ነበረበት።

«አውጪዋ» አላት፣ የጎማ ምስማር እንደሚያስነቅል ሰው።

«ዕጢው ከነርቩ ጋር አብሮ ተሸምኗል» አለችው። «ሁሉንም ልንቀል ብል ነርቩን እቀዳለሁ። ብተወው ደግሞ ወደ ላይ ያድጋል። የሚቻለኝን ያህል አወጣለሁ። እግርህን እመልስልሃለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

ጨርቅ ሳይቀደድ ክር መምዘዝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ገባኝ። አልዋሸችንም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ እወዳታለሁ።

እሷና ባልደረቦቿ በአእምሮና በሕብለ ሰረሰር የሚወጡ ዕጢዎችን ያጠኑ ነበር። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ማን ተሻለው፣ ማን ባሰበት የሚለውን ለማወቅ ታካሚዎቹን ለዓመታት ይከታተላሉ። ጥናቱ ውስጥ ለመግባት ፈቃደኛ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ቀጥሎ ለሚመጣው በሽተኛ ምን እንደምመክረው የማውቀው ከናንተ ነው» አለችው። «በየጊዜው እንደውልልሃለን።»

«ደውሉ» አላት። «ተሳፋሪ እየጫንኩ ካልሆነ አነሣለሁ።»

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕመሙ ተወው። እግሮቹ ግን አልመጡም። የእግር ጉልበት ከዜሮ እስከ አምስት ይለካል። ዜሮ ምንም የለም ማለት ነው፤ አንድ ሲሆን ጡንቻው ብቻ ብልጭ ይላል፤ አምስት ጤነኛ ነው። ዶክተሯ በየጠዋቱ «አንሣ» ትለዋለች፤ እሱ ላብ እስኪያጠምቀው ይታገላል።

«ስንት ነኝ?»

«ቀኙ አንድ። ግራው ዜሮ።»

«ቆይ፣ ዘመናይ ስትገባ ለኪኝ።»

አንድ ቀን በኮሪደሩ በዊልቸር እየገፋሁት ሳለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ሂጂ» አለኝ። «ነፃ ነሽ።»

ዊልቸሩን አቆምኩ። «አስረኸኝ ነበር እንዴ? ነፃ ነሽ የምትለኝ አንተ ማን ስለሆንክ ነው?»

«ዘመናይ፣ ዕጢው ይመለሳል ብላለች።»

«ሰምቻለሁ። እስኪመለስ ምን ልንሠራ ነው? ቁጭ ብለን ልንጠብቀው?»

«እኔ መቼም ቁጭ ብያለሁ» አለ። ሳቅን። ያን ዕለት እንደሳቅነው ስቄ አላውቅም።

ጭሮ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር። አባቴ ሊያየኝ አልፈለገም፤ ለእናቴ የሚናገር እየመሰለ ለኔ ተናገረ።

«ሳህሊቱ፣ ለልጅሽ ንገሪያት። ጴንጤ ነው ብዬ እምቢ ልል ነበር። አሁን እግዜር ራሱ እምቢ ብሎልኛል።»

«አባባ፣ እግዜር እምቢ ቢል ለኔ ይነግረኝ ነበር» አልኩት። «የማገባው እኔ ነኝ።»

ጉርሜሳ ሽማግሌ ላከ። በኛ ወግ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ጠያቂው ልጅ ደግሞ አብሮ አይመጣም። ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ የአባቴ የማኅበር ጓደኛ አቶ ኪሮስ፣ ጫት ነጋዴው ጎረቤታችን ሼህ ሙሜ፣ ከጉርሜሳ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ መጋቢ ጌዲዮን። አራተኛው፣ በዊልቸር፣ ጉርሜሳ ራሱ ነበር። የደጃፋችንን ደረጃ ሼህ ሙሜና መጋቢው ተሸክመው አወጡት።

እኔ ከጓዳ መጋረጃ በስተኋላ ቆሜያለሁ።

አባቴ ቆጣ አለ። «ይኼ ምንድን ነው? ጠያቂ ራሱ ይመጣል? እሱም ይሁን፣ ሽማግሌ ቆሞ እሱ ይቀመጣል?»

«አባባ» አለ ጉርሜሳ፣ ረጋ ብሎ፣ «እኔ ተቀምጬ ነው የመጣሁት። ቅር ካሰኘዎት ያስነሡኝ። ካስነሡኝ ልጅዎን አልጠይቅም። ሐኪሞቹ ያቃታቸውን ስለቻሉ ጉልበትዎን ስሜ፣ በእግሬ እሄዳለሁ።»

ከአጠገቤ እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ መሳቋን ማልቀሷን አላወቅሁም።

«ልጄን አስታማሚ ልታደርጋት?»

«አዎ፣ ታስታምመኛለች። እኔም ስትታመም አስታምማታለሁ፤ እጄ ደኅና ነው። ምን ያህል እንደምኖር አላውቅም። እርስዎም የራስዎን አያውቁም።»

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። «ቀጠሮ እሰጣችኋለሁ። ለጊዜው...»

ቀጠሮ ማለት እምቢ ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ልጅ በሽማግሌ ፊት አትወጣም። ከዊልቸሩ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«እኔም ተቀምጫለሁ፣ አባባ።»

«ተነሺ!»

«አልነሣም።»

አባቴ አየኝ። እሱን አየው። ጉርሜሳ ዓይኑን አልሰበረም። በመጨረሻ ሼህ ሙሜ በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ።

«አጥናፉ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ። ወላሂ ጉልበቴ ከዚህ ልጅ አይሻልም። ወይ ስጥ፣ ወይ አውጣን።»

አባቴ ወደ ጓዳ ዞረ። ድምፁ ተሰበረ እንጂ አልራራም።

«ሳህሊቱ፣ ለሰዎቹ ወንበር አምጪ።»

እናቴ ወንበሮቹን ስታመጣ ተሯሯጠች። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

የተጋባነው በጥር 2015 ነው። በማን ቤተ ክርስቲያን ይሁን የሚለው ክርክር ስላላለቀ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፈረምን። ለዊልቸሩ ከዚያው ቀይ ጨርቅ ትራስ ሰፋሁለት፤ የማይሰማው ገላ ቶሎ ይቆስላልና በየጊዜው ጥጡን እቀይራለሁ። መናኸሪያው ተራ አስከባሪ አደረገው። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ድምፁ ይሰማኛል፦ «በደሳ አንድ ሰው! አንቺ እናት፣ በጉን ከላይ፣ ራስሽን ከውስጥ!» ማታ ደግሞ እግሩን እያሸሁት ይጠይቀኛል።

«ዛሬ ስንት ነኝ?»

«ሁለት።»

«ታዳያለሽ።»

«ባሌ ነህ፣ አዳላለሁ።»

ዕጢው ዶክተር ኤደን እንዳለችው ወደ ላይ አደገ። ጨረርም ወሰደ። ቀኝ እጁ ሰነፈ፤ ከዚያ ግራው፤ ከዚያ ትንፋሹ። በመጨረሻው ጠዋት ፀሐይ አልጋው ላይ ነበረች። ድምፁ ስላልወጣ ከንፈሩን አየሁ፤ ስንት ነኝ ይል ነበር።

«አምስት» አልኩት።

ውሸቴን ዓይኑ አወቀብኝ። ፈገግ አለ። ሰኔ 3 ቀን 2017 ነበር።

ለቅሶ ላይ አንዷ ጎረቤት «ነግረናት ነበር እኮ» ስትል ሰማሁ። ከተቀመጥኩበት መለስኩላት፦ «ምን ብላችሁ? ይሞታል ብላችሁ? እኔ ይኖራል ብዬ ነው ያገባሁት። ኖረ።» አባቴ አጠገቤ ነበር። ዝም በይ አላለኝም።

በሐምሌ ከጥናቱ አንድ ወጣት ደወለ።

«አቶ ጉርሜሳ ናቸው?»

«ባለቤቱ ነኝ። አርፏል።»

«ነፍስ ይማር፣ እህቴ። ጥቂት ልጠይቅሽ? ካልቻልሽ ሌላ ጊዜ...»

«ጠይቅ።»

«ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ተራምደው ያውቃሉ?»

«አያውቅም።»

«ወደ ሥራ ተመልሰው ነበር?»

«በደንብ! መናኸሪያ ሙሉ ሰው የሚታዘዘው እሱን ነበር።»

ሲጽፍ ይሰማኛል። «ሌላ የምትጨምሪው አለ?»

«አግብቶ ነበር ብለህ ጻፍ።»

«እሱ... የሚጻፍበት ቦታ የለውም፣ እህቴ።»

«ዳር ላይ ጻፈው።»

በሳምንቱ ዶክተር ኤደን ራሷ ደወለች። ጥቂት አለቀስን። ከዚያ ስለ አንዲት የበደሳ ልጅ ነገረችኝ። ገሊላ ትባላለች። ዕጢዋ የጉርሜሳ ዓይነት ነው፤ እግሯ አልተመለሰም። እጮኛዋን ሂድ ብላዋለች፤ እሱም አልሄድም ብሎ በየቀኑ ደጇ ይቆማል።

ዊልቸሩን የበደሳ ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ሄድኩ። ለትራሱ አዲስ ጨርቅ ሰፍቼለት ነበር፤ ቀይ። ገሊላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጠበቀችኝ።

«ነፃ ነህ ያልሽው አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው?» አልኳት።

ገሊላ ባለፈው ጥር አገባች።