ያለ ፊርማ አይወጣም

የዳሌዋ ቀዶ ጥገና ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰረዝ፣ ልብስ ሰፊዋ ክራንቿን ተደግፋ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ወረደች። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የተተከለላት ሰው ሠራሽ ዳሌ ላልቶ፣ በዙሪያው ያለው አጥንት ተበልቷል። አዲሱ ከመተከሉ በፊት ጉድጓዱ በሰው ሠራሽ የአጥንት ፍርፋሪ መሞላት አለበት። ፍርፋሪው ግን ዛሬ ነገ እየተባለ ስድስት ወር አለፈ። የሰው ትዕግሥት እኮ ልክ አለው!

መስኮቱ ላይ «ያለ ፊርማ ምንም ዕቃ አይወጣም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከጀርባው ላጤው ግምጃ ቤት ጠባቂ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ያንኑ መነጽር ጠረጴዛው ላይ ይፈልጋል።

«ግንባርዎ ላይ ነው» አለችው።

ቀና ብሎ ሲያያት መነጽሩን ማውረዱንም ረስቶ ዓይኑ እሷ ላይ ቀረ። የእሷ ዓይን ግን ከኋላው መደርደሪያው ላይ ቀርቷል፤ ስሟ የተጻፈበት ካርቶን እዚያ ተቀምጧል።

«ያ የኔ አይደለም እንዴ?»

«የእርስዎ ነው። ግን አልሰጥም።»

የውስጥ ማሸጊያው ተልጦ ነው የመጣው፣ ንጽሕናው አያስተማምንም እያለ ሊያስረዳት ሞከረ። ማን ሊሰማው!

«የስፌት መኪናዬን መርገጥ ካቃተኝ ዓመት አለፈኝ። ሱቄ ተዘግቷል። አንተ ስለ ላስቲክ ታወራኛለህ? ድንጋይ!»

ታክሲ ውስጥ በንዴት አለቀሰች።

በሳምንቱ ሐኪሟ እውነቱን ነገራት። ግምጃ ቤት ጠባቂው አለቆቹ ካርቶኑን ስጥ ብለው ቢጫኑት እምቢ ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተቀብሏል። ያ ካርቶን ቢገባላት ዳሌዋ ሊመረቅዝ ይችል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህም ሥራ ከመግባቱ በፊት በየማለዳው የፍርፋሪው አስመጪዎች በር ላይ እየቆመ ይጨቀጭቃቸዋል። መግቢያ ቀዳዳ አጣች።

አዲሱ ካርቶን ሲመጣ እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ድረስ ይዞት የመጣው እሱ ራሱ ነው። እሷ በተሽከርካሪው አልጋ ላይ ተኝታለች።

«ይቅርታ... ድንጋይ ስላልኩህ።»

«ግድ የለም። ብቻ በደህና ውጪልኝ።»

አጥንት ደግሞ ሰው ስለቸኮለ አይቸኩልም። ፍርፋሪው መወጣጫ ብቻ ነው፤ የራሷ አጥንት ቀስ እያለ እላዩ ላይ እስኪያድግ ወራት ፈጀ። እሱ በየቅዳሜው ቤቷ እየመጣ እርምጃ ያለማምዳታል። ከንፈሩ ላይ የደረሰ ነገር እንዳለ ታውቃለች። እሱ ግን ስለ ግምጃ ቤቱ አይጦች አውርቶ አውርቶ ይሄዳል። ይሄ ከዳሌው በላይ አናደዳት!

በስምንተኛው ወር ሐኪሟ አጥንቱ መያዙን አበሰራት። ያለ ክራንች ወደ መስኮቱ ወረደች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ጎደለ?» አለ ደንግጦ።

«ላወጣ ነው የመጣሁት።»

«ምኑን?»

«ግምጃ ቤት ጠባቂውን።»

እንደ መጀመሪያው ቀን ዓይኑ እሷ ላይ ቀረ። አሁን ግን እሷም የምታየው እሱን ብቻ ነው። መዝገቡን በመስኮቱ ወደ ራሷ ሳበችው።

«ያለ ፊርማ አይወጣም አይደል? የት ጋ ልፈርም?»

ባዶውን መስመር በጣቱ አሳይቶ እስክሪብቶውን አቀበላት።