ጥቀርሻ መለኪያው

ሚኒባሱ ለንደን ውስጥ የብሪክስተን ሂል ዳገት አጋማሽ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው።

ዳኛቸው ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠው። ሞተሩ አጓራ እንጂ አልፈጠነም። ከኋላቸው የሚመጣው ቀይ ባስ ጡሩምባውን ለቀቀባቸው። አንድ ብስክሌተኛ በጎናቸው ቀድሟቸው ሄደ። ዳሽቦርዱ ላይ ብርቱካናማዋ መብራት በርታለች።

«አባዬ፣ በራች» አለች ከጎኑ የተቀመጠችው ሶልያና።

«አይቻለሁ።»

«ባለፈውም እኮ እዚሁ ዳገት ላይ ነው…»

«ሴንሰሩ ነው፣ ሶሊ። ባዩ ነግሮኛል። አሁን አታስጨንቂኝ።»

ሶልያና ዓይኗን ከመብራቷ ወደ አባቷ መለሰች። አባቷ የከተማ ባስ ነጂ ነው፤ በእረፍት ቀኑ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ሚኒባስ በነጻ ይነዳል። መንገድ ላይ ሲደነግጥ አይታው አታውቅም። ዛሬ ግን መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አንገቱ በላብ ረጥቦ፣ ዓይኑን ከኋላ ማሳያው መስታወት አልነቅልም ብሏል።

ከኋላ የመዝሙር ጥናት ጨርሰው ወደ ስትሪትሃም የሚመለሱት ሕፃናት ይንጫጫሉ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ነገ በዚሁ ሚኒባስ ብራይተን ድረስ ሄደው ባሕር ሊያዩ ነው። አንዱ ባልዲ ገዝቻለሁ ይላል፤ ሌላዋ ዋና አልችልም ብላ ትስቃለች። መጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠችው የሶልያና ታናሽ እህት ፀሎት ብቻ አትናገርም። ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋለች።

«ሶሊ፣ ራሴን አመመኝ።»

«መስኮቱን ክፈቺው።»

«ከፍቼዋለሁ። እዚህ ስቀመጥ ሁሌ ያመኛል።»

ሶልያና ዞር ብላ አየቻት። ከንፈሯ ደርቋል። ከልጆቹ ጩኸት ይሆናል ብላ አሰበችና ወደ ፊቷ ተመለሰች። እሷን ያስጨነቃት የነገው ጉዞ ነው። እዚህ ከኋላቸው ያለው አንድ ባስ ነው። ነገ ሞተርዌይ ላይ ትልልቅ ሎሪ እየተከተላቸው መኪናው እንዲህ ቢከዳቸውስ?

ልጆቹን አንድ በአንድ በየቤታቸው አድርሰው፣ ቁልቁለቱን እየተንቀራፈፉ ወደ ብሪክስተን ተመለሱ።

የባዩ ጋራዥ ከባቡር ድልድዩ ሥር ካሉት ቅስት ቤቶች አንዱ ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት መፍቻዎች ይንቃጨላሉ። ባዩ እንግሊዝ የገባ ሰሞን የሚያርፍበት አልነበረውም፤ ዳኛቸው ቤተ ክርስቲያን አግኝቶት ወደ ቤቱ ይዞት መጣ፤ የራሱን ቤት እስኪያገኝ ድረስ ሳሎናቸው ውስጥ ሶፋ ላይ ሲያድር ኖረ። ለሶልያና ብስክሌት መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። ኢንጂነር መሆን እፈልጋለሁ ያለችው ቀን ደግሞ አልሳቀባትም፤ የሥራ ቱታ ገዝቶላት ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ እየወሰደ መኪና ያስተምራት ጀመር።

ባዩ የብልሽት ኮድ ማንበቢያውን ከመሪው ሥር ሰካና ስክሪኑን ተመለከተ።

«ያው ነው» አለ። «ከፊልትሮው የሚያመልጠው ጥቀርሻ በዝቷል ይላል። የተበላሸው ሴንሰር ነው የሚያስለፈልፈው።»

ሶልያና ነገሩን ታውቀዋለች፤ ያስተማራት ራሱ ባዩ ነው። ናፍጣ ሲቃጠል ጥቀርሻ ይወጣዋል። ጥቀርሻውን ፊልትሮው ይይዘዋል። ከፊልትሮው በኋላ ጭስ ማውጫው ላይ የተተከለችው ትንሽ ሴንሰር ደግሞ አምልጦ የወጣ ካለ ትለካለች። ብዙ ካመለጠ መብራቷ ትበራለች፣ ኮምፒውተሩም የሞተሩን ጉልበት ይቀንሰዋል።

«ሴንሰሩን ቀይረኸው የለ እንዴ?» አለችው።

«ቀይሬዋለሁ። አዲሱም ብልሽት ይዞ የመጣ ነው። ያጋጥማል።»

የዳኛቸው ስልክ ጮኸ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ እትዬ እታለማሁ ናቸው።

«አቤት፣ እትዬ… ጋራዥ ነን። አይ፣ ለነገ ይደርሳል። ባዩ ይዞታል፤ አያስቡ።»

ስልኩን ሲዘጋ ባዩ «ጋሼ፣ ፀሎትን ወስደው አንድ ነገር ያብሏት፤ ፊቷ ልክ አይደለም። ሲመለሱ አልቆ ይጠብቅዎታል» አለው። ከዚያ ወደ ሶልያና ዞረ። «እኔ ጓደኛዬ ጋ ደርሼ አንድ ዕቃ ይዤ ልምጣ። አንቺ መኪናውን በሊፍቱ አንሺውና የሴንሰሩን ሶኬትና ሽቦ ቼክ አድርጊ። ልምምድ ይሁንሽ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ምን በምን ቅደም ተከተል እንደምትሠራ ያስቆጥራት ነበር። ዛሬ መልሷንም ሳይጠብቅ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

ሶልያና ጓንቷን አጠለቀች። የሊፍቱን ቁልፍ ስትጫን ሚኒባሱ ቀስ እያለ ከፍ አለ። ጭስ ማውጫው ገና ስላልበረደ ተጠንቅቃ ከሥሩ ገባች። ሶኬቱን ነቅላ አየችው፤ ንጹሕ ነው፤ ውሃም ዝገትም የለበትም። ሽቦውን በጣቷ እየዳሰሰች እስከ ሞተሩ ተከተለችው። የተላጠ ወይም የቀለጠ አላገኘችም። በቴስተር ለካችው፤ ኤሌክትሪኩ በትክክል ይደርሳል።

«ኦኬ» አለች ለራሷ። «ሽቦው ደህና ነው።»

ባዩ የቀየረው አሮጌው ሴንሰር መደርደሪያው ላይ ነበር። አዲሱ እውነት ብልሹ ከሆነ በአሮጌው ሲተካ ንባቡ መለየት አለበት ብላ አሰበች። ቀየረችው፤ መኪናውን አወረደች፤ የጋራዡን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ሞተሩን አስነሳች። ማንበቢያው ላይ ያለው ቁጥር ቀስ በቀስ ወጣ። ነዳጁን ረገጥ ስታደርገው ዘለለና መብራቷ በራች።

አጠፋችው። አዲሱን መልሳ ገጠመችና እንደገና አስነሳች። ቁጥሩ እንደዚያው ወጣ፣ እንደዚያው ዘለለ፣ መብራቷም በራች።

መሪው ላይ እጇን አሳርፋ ቆየች። አንዱ ያረጀ፣ ሌላው ከካርቶን የወጣ አዲስ ነው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ውሸት ይዋሻሉ? ሲሪየስሊ?

ወይስ ሁለቱም እውነታቸውን ነው?

ሞተሩን አጥፍታ ንጹሕ ጨርቅ ፈለገች። ፊልትሮው ጤነኛ የሆነ መኪና ጭስ ማውጫው ውስጡ እምብዛም አይቆሽሽም፤ ይህንንም ባዩ ነው ያሳያት። ጨርቁን ጣቷ ላይ ጠቅልላ የጭስ ማውጫውን ከንፈር ከውስጥ ጠረገችው። እንደ ኩል ጠቁሮ ወጣ። ጥግ ላይ የቆመ የሌላ ደንበኛ ናፍጣ መኪና ነበር፤ የእሱን ስትጠርግ ጨርቁ ትንሽ ብቻ አመድ መሰለ።

ሚኒባሱን መልሳ አነሳችው፤ የእጅ ባትሪ ይዛ ከሥሩ ገባች። አሁን ሴንሰሩን አይደለም የምታየው። ፊልትሮው ያለበትን የብረት ዕቃ ነው።

ወገቡ ላይ ዙሪያውን ብየዳ አለ። ከፋብሪካ የወጣ ብየዳ አይደለም፤ ያበጠ፣ የተጣደፈ ነው። በመፍቻ ጫፍ መታ አደረገችው። ባዶ ቆርቆሮ እንደሚጮኸው ጮኸ። ውስጡ የለም። አንድ ሰው ዕቃውን ቆርጦ ከፍቶ፣ ፊልትሮውን አውጥቶ ጥሎ፣ ቀፎውን መልሶ በይዶታል።

ባትሪውን ከፍ አደረገች። ብየዳው በአንድ በኩል ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ የተነሳ ጥቁር የጭስ ምልክት የመኪናውን ወለል ከሥር ለብሶታል። ጥቁረቱ የሚያልቀው የላስቲክ ክዳኗ ቀልጦ የወደቀ አንዲት ቀዳዳ ጋ ነው። ሶልያና በቀዳዳዋ አሻቅባ ስታይ የመጨረሻው ወንበር ታያት።

*እዚህ ስቀመጥ ሁሌ ያመኛል።*

«አገኘሽ እንዴ?»

ባዩ በር ላይ ቆሟል። በእጁ ሽቦ የተንጠለጠለባት ትንሽ ጥቁር ሳጥን ይዟል። ፊቷን አየ፤ የቆመችበትን ቦታ አየ።

«የያዝከው ምንድን ነው?» አለችው።

«ይሄ… በሴንሰሩ ፋንታ ይገባል። ለኮምፒውተሩ ሁሉ ደህና ነው ይለዋል። መብራቷ ትጠፋለች፣ ጉልበቱም ይመለሳል።»

«ፊልትሮውን አንተ ነህ ያወጣኸው?»

ባዩ ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ተደፍኖ ነበር፣ ሶሊ። አዲሱ ውድ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ መኪናውን እንሽጠው ብሎ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? ያኔ ልጆቹ በምን ይመጣሉ? ለእነሱ ብዬ ነው። አንድ ሳንቲም አልበላሁበትም።»

«አባዬ ያውቃል?»

«አያውቁም። ታጥቦ ጸዳ ነው ያልኩት።»

«ጭሱ ወደ ውስጥ እየገባ ነው፣ ባዩ! ፀሎት ራሷን ያማታል። ፊቷን አይተሃል።»

ባዩ ባትሪውን ከእጇ ተቀብሎ ከሥር ገባ። ስንጥቁን ሲያይ ትንፋሹን ሲውጥ ተሰማት። እንዳላወቀ ገባት፤ ስለ ስንጥቁ እውነትም አላወቀም ነበር።

«አሁኑኑ እበይደዋለሁ» አለ እየተጣደፈ። «ክዳኑንም እደፍናለሁ። ጭስ አይገባም። ነገን ይለፉ፤ ሰኞ አውርጄ በደንብ እሠራዋለሁ። እምልልሻለሁ።»

«ይሄም እኮ ያንተ ብየዳ ነው።»

በላያቸው ባቡር አለፈ፤ መፍቻዎቹ ተንቃጨሉ። ጸጥ ሲል የባዩ ድምፅ ሌላ ሆነ።

«ጋሼ ካወቁ ዳግም ዓይኔን አያዩኝም። ከእሳቸው በቀር እዚህ አገር ማን አለኝ? እባክሽ። አንድ ቀን ብቻ ነው የምለምንሽ።»

ሶልያና ያንን ሶፋ አሰበች። እሷ ትንሽ ሳለች ጠዋት ሄዳ ብርድ ልብሱን ስትገፈው «ገና ነው፣ ተኚ» እያለ ያስቃት ነበር። እናቷ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ጸጉሯን የጎነጎነላት፣ እያጣመመም ቢሆን፣ እሱ ነው። አሁን ዝም ብትል መብራቷ ትጠፋለች። ልጆቹ ባልዲያቸውን ይዘው ይሳፈራሉ። ምናልባትም ምንም አይሆኑም።

የፀሎት ሳቅ ከውጭ ተሰማ። ዳኛቸው እጇን ይዞ ገባ፤ ጉንጯ ላይ ኬቻፕ አለ፣ ፊቷም ተመልሷል። ንጹሕ አየር አግኝታ ነዋ፣ አለች ሶልያና በልቧ።

«እንዴት ሆነ?» አለ ዳኛቸው። «እትዬ እታለማሁ ደወሉልኝ ደግሞ። ስንት ሰዓት እንነሳ ይላሉ።»

ሶልያና ባዩን አየችው። ንገረው፣ አለችው በዓይኗ። ጠበቀችው። ባዩ ጫማውን ያያል።

«ሊያልቅ ነው፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ።

«ተመስገን። ፀሎትዬ፣ ሲያወርደው ገብተሽ ቦርሳሽን…»

«አባዬ» አለች ሶልያና። «ና እስቲ። ከሥር የማሳይህ ነገር አለ።»

ዳኛቸው ጎንበስ ብሎ ገባ። ባትሪውን ብየዳው ላይ አበራችለት፤ ከዚያ ስንጥቁ ላይ፣ ከዚያ ጥቁረቱ ላይ፣ ከዚያ ቀዳዳዋ ላይ። ዳኛቸው ጣቱን ወለሉ ላይ አሻሸና ጥቀርሻውን ተመለከተው።

«ይሄ የትኛው ወንበር ነው?»

«የመጨረሻው።»

ፀሎት በር ላይ ቆማ ድንጋይ በእግሯ ትገፋለች። ዳኛቸው እሷን እያየ ቆየ።

«ማነው የበየደው?»

ሶልያና ወደ ባዩ ዞረች። ባዩ ከኋላቸው ተናገረ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ፊልትሮው ውስጥ የለም። ያወጣሁትም እኔ ነኝ።»

ዳኛቸው አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«እትዬ እታለማሁ፣ ነገ በሚኒባሱ አንሄድም… አይደለም፣ ሴንሰሩ ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው። ለወላጆቹ ይንገሩልኝ፤ ከልጆቹ ራሱን ያመመው ካለም ሐኪም ያሳዩት። ምክንያቱን ነገ መጥቼ እነግርዎታለሁ።» ጥቂት አዳመጠ። «አውቃለሁ። ያለቅሳሉ። አውቃለሁ፣ እትዬ።»

ስልኩን ኪሱ ከትቶ የፀሎትን እጅ ያዘ። ከባዩ ጎን ሲደርስ ቆም ብሎ አለፈው።

«እኔም ፀሎትን ሐኪም ጋ ይዣት ልሂድ። ሶሊ፣ ነይ።»

ሶልያና ጓንቷን አውልቃ እስከ በሩ ተከተለቻቸው። የውጭው ፀሐይ ገና አልጠለቀም፤ ጎዳናው በገበያተኛ ተሞልቷል። ዞር ስትል ባዩ ከሚኒባሱ ሥር ገብቷል። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታ ነው። ዕቃው በአንድ በኩል ተንጋዶ ወርዷል፤ በትከሻው ደግፎት በእጁ የቀረውን ብሎን ለመፍታት ይታገላል። ጥቀርሻው ፊቱ ላይ ይረግፋል። ዓይኑን አይጠርግም።

«አባዬ፣ እናንተ ሂዱ» አለች። «እኔ ቆይቼ በባስ እመጣለሁ።»

ዳኛቸው አያት። ከትከሻዋ በላይ ወደ ጋራዡ ውስጥ ተመለከተ። ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀና በጭንቅላቱ እሺ አላት።

ሶልያና ጓንቷን መልሳ አጠለቀች። ከሚኒባሱ ሥር ገብታ የዕቃውን ሌላኛውን ጫፍ በሁለት እጇ ደገፈችው። ከጠበቀችው በላይ ይከብዳል።

ባዩ ቀና አላለም።

«ይዤዋለሁ» አለችው። «ፍታው።»